ሰማያዊ ቀለም ሁሉ ግሉኮስ አይደለም

በ2007 ቻይና ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች የብረት ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶች እንደ ፐርኦክሲዴዝ ኢንዛይም (በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሌሎች ቁሶችን ኤሌክትሮን እንደሚያሳጣ ፕሮቲን) እንደሚሠሩ አሳዩ። ናኖዛይም የሚባሉት እነዚህ ቁሶች ከኢንዛይም ይልቅ ሙቀትንና አሲድን ይችላሉ። ግሉኮስን፣ ማለትም ስኳርን፣ በቀለም ለመለካት ግን ብዙ የሚያሳስት ነገር አለ።

ዋናው ስህተት ናኖ ቅንጣቱ ግሉኮስን የሚለይ መምሰሉ ነው። በተለመደው ዘዴ የሚለየው ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው። እሱ ከግሉኮስ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያወጣል፤ ናኖዛይሙ በዚያ ቲኤምቢ የሚባለውን ቀለም አልባ ኬሚካል ሰማያዊ ያደርጋል። ዓይናችን የሚያየው ቲኤምቢ ኤሌክትሮን ማጣቱን ብቻ ነው። ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባለው ናኖዛይምማ አሲድ ውስጥ ፐርኦክሳይድ ባይኖርም ያቀልመዋል! ስለዚህ ግሉኮስ የሌለበት፣ ኢንዛይም የሌለበት፣ ናኖዛይም የሌለበት ቱቦ ለየብቻ ይሠራ። ይህን የዘለለ ውጤት እኔ አላምነውም።

ሁለቱን ምላሾች በአንድ ቱቦ ማጨናነቅም ይጎዳል። የብረት ኦክሳይዱ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 4 አካባቢ ይበረታል፤ ኢንዛይሙ ግን ከ5.5 እስከ 7 ይመቸዋል። መጀመሪያ ኢንዛይሙን በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያሠሩት። ከዚያ አሲዳማውን አሲቴት በፈር (ፒኤችን የሚያጸና ፈሳሽ)፣ ቲኤምቢውንና ናኖዛይሙን ይጨምሩ።

አዲስ የበጠበጡትን ግሉኮስ ወዲያው ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ) አያድርጉት። ኢንዛይሙ የሚወደው ቤታ የሚባለውን ቅርጽ ነው። የሚሸጠው ዱቄት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አልፋ ነው። ውሃ ውስጥ ሁለቱ እስኪመጣጠኑ ሰዓታት ይወስዳል፤ ያሳድሩት። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ቀለሙን ከግሉኮስ መጠን ጋር የሚያገናኘውን የመለኪያ መስመር ሙሉ ታጣምማለች።

ከቅንጣቱ ተሟሙቶ የሚወጣ ብረትም ቀለሙን ሊሠራ ይችላል። ቅንጣቱን በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ) ይለዩና ከላይ የጠለለውን ፈሳሽ ብቻውን ይፈትሹ።

በጣም የሚያሳስበኝ ቫይታሚን ሲ ነው። ሰማያዊውን ቲኤምቢ መልሶ ቀለም አልባ ያደርገዋል። ከፍ ያለ ስኳር ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ይህ ለታማሚው አደጋ ነው። በንጹህ በፈር ብቻ የተሠራ መስመር ይህን አያሳይም። የታወቀ መጠን ግሉኮስ እውነተኛው ናሙና ላይ ጨምረው ምን ያህሉ እንደተነበበ ይዩ።

በመጨረሻ ንባቡ። ሰማያዊው በ652 ናኖሜትር፣ ምላሹ በሰልፈሪክ አሲድ ሲቆም የሚመጣው ቢጫ በ450 ይነበባል። ሁለቱን በአንድ መስመር አይቀላቅሉ። ግሉኮሱ ሲበዛ ያለ አሲድም አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ያኔ በ652 ያለው ንባብ ወደ ታች ይወርዳል፤ ናሙናውን አቅጥነው እንደገና ይለኩ።