«ገባችሁ?» ከማለት ጣት አስወጧቸው

አቦ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳይንስም ሆነ ኢንጂነሪንግ የምታስተምሩ፣ «ገባችሁ?» ስትሉ ክላሱ በሙሉ «አዎ» ብሎ ሚድ ፈተና ላይ ግን ባዶ ወረቀት የሚመልስላችሁ ከሆነ ይቺን ሞክሯት። ሌክቸሩን መሀል ላይ አቁሙና ስሌት የሌለው አንድ የምርጫ ጥያቄ ቦርድ ላይ ጻፉ፣ እኔ እዚህ ድሬ የምጠቀማት፦ ውሃ ባነሰ ሙቀት የሚፈላው የት ነው? 1 ድሬዳዋ፣ 2 ሐረር፣ 3 ሁለቱም ጋ እኩል። አንድ ደቂቃ ለየብቻ ያስቡና መልሱን ደረታቸው ላይ በጣት ያሳዩ፣ እጅ ከፍ ካደረጉማ ሁሉም ጎበዟን ልጅ አይቶ ነው የሚያወጣው። መልሱን ሳትነግሯቸው «የተለየ ቁጥር ያወጣውን ጎረቤታችሁን አሳምኑ» በሉና ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጯጯሁ፣ ከዛ ድጋሚ ጣት።

«ድሬ ሞቃት ስለሆነች እዚህ ነው» ያለው ልጅ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ሐረር ስትገባ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብለሃል፣ የአየር ግፊቱም ቀንሷል፣ ስለዚህ ውሃው ባነሰ ሙቀት የሚፈላው ሐረር ነው ብሎ ጓደኛው ሲያስረዳው ከኛ ይልቅ ቶሎ ይገባዋል፣ ምክንያቱም ጓደኛው ራሱ ገና አሁን ነው የገባው፣ የቱ ጋ እንደሚያደናግር አልረሳም፣ እኛ ግን ከረሳነው ቆይተናል። ዘዴው የኔ አይደለም፣ የሃርቫርዱ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር ነው ያስፋፋው።

ብቻ መጀመሪያ ላይ መልሱን ያገኙት ከ30 በመቶ በታች ከሆኑ አታወያዩ፣ ስህተቱን ነው የሚጋቡት፣ እንደገና አስረዱ። ከ70 በላይ ከሆኑ ደግሞ ዝም ብላችሁ እለፉ። ማርክ ግን እንዳትሰጡበት፣ ወዲያው ኩረጃ ይሆናል።