ጌም ሲንገጫገጭ ጥፋቱ የአንቲቫይረስ ነው? ሳያጠፉ ማስተካከያ መንገዶች

ጌሙ መሃል ላይ ቀጥ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያማው አንቲቫይረሱን ነው። ሐሜቱ አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ሌላ ነው። እዚህ የምናየው ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር አብሮ የሚመጣውን ዲፌንደርን ነው። ሌላ አንቲቫይረስ የጫናችሁ ደግሞ የሜኑው ስም ቢለያይም ሐሳቡ ያው ነው።

አንቲቫይረስ ፋይል ሲከፈት ወይም ሲጻፍ መሃል ገብቶ ይፈትሻል። ጌም ደግሞ አዲስ ካርታ ሲጭን በመቶዎች የሚቆጠሩ ፋይሎችን በአንዴ ይጠይቃል። በሰከንድ 60 ፍሬም (ስክሪኑ ላይ ተከታትለው የሚታዩ ምስሎች) የሚያሳይ ጌም ለአንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ፍተሻው ጌሙን 50 ሚሊሰከንድ ካስጠበቀው ሦስት ፍሬም ያህል ይዘላል፣ ዓይንም ይህን ያያል። ስለዚህ የአንቲቫይረስ ምልክቱ ጌሙ ደህና ሲሄድ ቆይቶ አዲስ ቦታ ሲገባ ድንገት መንገጫገጩ፣ ወይም «ሎዲንግ» ላይ ከልክ በላይ መቆየቱ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 22 ፍሬም ላይ የሚጎተት ከሆነ ግን ግራፊክስ ካርዱን፣ ሙቀቱን ወይም የጌሙን ሴቲንግ መርምሩ።

ደረጃ 1፦ ሳትነኩ በፊት ለኩ

የዊንዶውስ ቁልፍንና «ጂ»ን አንድ ላይ ስትጫኑ ጌም ባር ይከፈታል። ከውስጡ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ሳጥን ስክሪኑ ላይ ሰክታችሁ ተዉት። ፍሬም ለመቁጠር መጀመሪያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቅዳችሁ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ። ከዚያ ጌሙ ሁልጊዜ የሚንገጫገጭበትን ቦታ መርጣችሁ 10 ደቂቃ ተጫወቱ።

በጎን ታስክ ማናጀርን ክፈቱ (ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ በአንድነት)። የምትፈልጉት ስም «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪዩታብል» የሚለው ነው። ጌሙ በሚንገጫገጭበት ቅጽበት ሲፒዩው ላይ 1 ወይም 2 በመቶ ብቻ ከያዘና የዲስክ ዓምዱም ዜሮ አካባቢ ከሆነ ነፃ ነው፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ። 20 እና 30 በመቶ ላይ ከተቀመጠ ፍተሻ ላይ ነው ማለት ነው።

የዲስኩ ዓምድ 100 በመቶ ሆኖ ከቀረና ኮምፒውተሩ የቆየ ሃርድ ዲስክ ያለው ከሆነ የነገሩ ሥር እዚያ ነው። ሃርድ ዲስክ በሚንቀሳቀስ ክንድ ስለሚያነብ፣ አንቲቫይረሱ አንድ ጥግ ጌሙ ሌላ ጥግ ሲጎትቱት ሁለቱም ይጉላላሉ። በእኛ አስተያየት እዚህ ላይ የሴቲንግ ብልሃት ብዙም አይፈይድም፤ ዊንዶውሱንና ዋናውን ጌም የሚይዝ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚንቀሳቀስ ክንድ የሌለው ፈጣን ዲስክ) ቀጥሎ ካለው ሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ደረጃ 2፦ ሁለት አንቲቫይረስ እንዳይኖር

ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር ራሱ ቦታውን ይለቃል። ችግሩ ከውጭ የመጡ ሁለት አንቲቫይረሶች አብረው ሲኖሩ ነው፤ አንዱ የከፈተውን ፋይል ሌላው እየፈተሸ ሥራው እጥፍ ይሆናል። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ (ዲፌንደር የሚታዘዝበት የዊንዶውስ አፕ) ውስጥ «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ማኔጅ ፕሮቫይደርስ» ብትሉ የተመዘገቡትን ታያላችሁ። አንዱን አስቀርታችሁ ሌላውን አራግፉ፤ አምራቹ የራሱ ማራገፊያ ካለው በእሱ ተጠቀሙ፣ ተራ ማራገፍ ድራይቨር ትቶ ሊሄድ ይችላልና።

ደረጃ 3፦ የፍተሻውን ሰዓት አዛውሩ

«ታስክ ስኬጁለር» ብላችሁ ፈልጋችሁ ክፈቱ። በግራ በኩል ላይብረሪ፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ዊንዶውስ ዲፌንደር እያላችሁ ውረዱ። «ስኬጁልድ ስካን» የሚለውን ሁለቴ ክሊክ አድርጉና «ትሪገርስ» ላይ ሳምንታዊ ቀንና ሰዓት ጨምሩ። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደሚሞላ አትርሱ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለማለት 9፡00 ኤኤም ነው የሚጻፈው። በሐበሻ ሰዓት አስባችሁ 3 ከጻፋችሁ ፍተሻው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይውላል፣ ኮምፒውተሩም ያኔ ጠፍቶ ነው።

እዚያው «ሴቲንግስ» ላይ ያመለጠ ፍተሻ በተቻለ ፍጥነት እንዲጀምር የሚያዝ ምልክት አለ። ምልክቱ ካለበት፣ በፍተሻው ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከነበረ፣ መብራት መጥቶ ጌም ልትጀምሩ ስትቀመጡ ፍተሻውም አብሮ ሊነሳ ይችላል። ምልክቱን ካነሳችሁ ግን በሳምንት አንድ ቀን ኮምፒውተሩ በርቶ መቆየቱን አረጋግጡ።

ደረጃ 4፦ የጌሙን ፎልደር ብቻ ከፍተሻ ነፃ አድርጉ

መጀመሪያ ፎልደሩን ራሱን አስፈትሹ። የጌሙ ፎልደር ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ በዲፌንደር ስካን የሚለውን ምረጡ፤ ዊንዶውስ 11 ላይ ካላገኛችሁት «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ውስጥ ተመልከቱ። ንጹሕ ከሆነ ወደ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ገብታችሁ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን»፣ «ማኔጅ ሴቲንግስ»፣ ከታች «ኤክስክሉዥንስ» ድረስ ውረዱ። ጨምር ብላችሁ «ፎልደር»ን ምረጡና ያንን አንድ ጌም አሳዩት። ከስቲም (ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት አፕ) የወረዱ ጌሞች አብዛኛውን ጊዜ ስቲም ፎልደር፣ ስቲምአፕስ፣ ኮመን ውስጥ በየስማቸው ይገኛሉ።

ሲ ድራይቭን በሙሉ፣ ዳውንሎድስን፣ ዴስክቶፕን ወይም የፍላሽን ድራይቭ በፍጹም ነፃ አታድርጉ። ፍላሽ ከእጅ እጅ ይዞራል፤ ዛሬ የእናንተ ፍላሽ የያዘው ድራይቭ ፊደል ነገ ለጓደኛችሁ ፍላሽ ይሰጣል። አደገኛ ሶፍትዌሮችም ነፃ የተደረገ ፎልደር ፈልገው እዚያ ይደበቃሉ። ሞድ (ሌሎች ተጫዋቾች የሠሩት የጌም ማሻሻያ) የምታስገቡ ከሆነ ዚፑን ሌላ ፎልደር ውስጥ ፈትታችሁ፣ አስፈትሻችሁ፣ ከዚያ ወደ ጌሙ ኮፒ አድርጉ።

አሁን በደረጃ 1 የለካችሁበት ያው ቦታ ላይ ለኩ። ለውጥ ካልታየ ነፃነቱን መልሳችሁ ሰርዙ። ብዙዎች የሚሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሳይጠቅማቸው ክፍተቱን ትተውት ይሄዳሉ።

ክራክ የተደረገ (ቁልፉ ተሰብሮ በነፃ የሚታደል) ጌም ከሆነ

«ከመጫናችሁ በፊት አንቲቫይረስ አጥፉ» የሚል መመሪያ ካያችሁ ቆም በሉ። በ2021 (በፈረንጅ አቆጣጠር) አቫስት የተባለው የአንቲቫይረስ ኩባንያ ተመራማሪዎች «ክራኮኖሽ» ብለው የሰየሙትን አደገኛ ሶፍትዌር ይፋ አድርገው ነበር። ከክራክ ጌሞች ጋር እየተጫነ ከ222,000 በላይ ኮምፒውተሮች ውስጥ ገብቷል። ተሸካሚ ሆነው ከተገኙት መካከል ጂቲኤ 5፣ ፋር ክራይ 5 እና ፔስ 2018 ይገኙበታል። ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጥቂት አስፈላጊ ነገሮች ብቻ የሚነሳበት መንገድ) አስነስቶ ዲፌንደርን ያጠፋና በሰው መብራትና በሰው ፕሮሰሰር ሞኔሮ የተባለውን ክሪፕቶ ይቆፍራል። ጌሙ ያኔ ሲንቀራፈፍ ሰው የሚወቅሰው ደግሞ ያንኑ የጠፋውን አንቲቫይረስ ነው።

ምንም ሳይከፈት ፋኑ የሚጮህ ከሆነ፣ በተለይ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ጸጥ የሚል ከሆነ፣ ይህን ጠርጥሩ። «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ ያለው የኦፍላይን ስካን ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሳ ይፈትሻል፤ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከመጀመራችሁ በፊት የተከፈተ ሥራ ሴቭ አድርጉ።

በተቃራኒው በሕጋዊ መንገድ ያወረዳችሁት ጌም ፋይሉ ተወስዶበት አልነሳ ካለ «ፕሮቴክሽን ሂስትሪ» ውስጥ ገብታችሁ ፋይሉን መልሱት። ከተጠራጠራችሁ ከመመለስ ይልቅ ስቲም ላይ የጌሙን ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ ፋይሎቹን አረጋግጥ በሉት፤ የጎደለውን ራሱ እንደገና ያወርዳል።

ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ

ይህ አደገኛ ኮድ ወደ ዊንዶውስ እምብርት እንዳይገባ የሚከላከል ጥበቃ ስለሆነ ከፋይል ፍተሻ የተለየ ነው፤ «ዲቫይስ ሴኩሪቲ»፣ «ኮር አይሶሌሽን» ውስጥ ይገኛል። አንዳንድ ጌሞችን እንደሚያዘገይ ማይክሮሶፍት ራሱ አምኖ፣ የሚፈልግ ተጫዋች ለጊዜው አጥፍቶ ከጨዋታ በኋላ እንዲያበራው መክሯል። ማጥፋትም ማብራትም ሪስታርት ይጠይቃል። ስለዚህ ልዩነቱን ለክታችሁ ከ5 ፍሬም በታች ከሆነ ድካሙም አደጋውም አያዋጣም፤ እንደበራ ተዉት።