ከቡድን ሥራ በኋላ ስለ ቡድኑም ተወያዩ

ጎንደር ላይ ለምታስተምሩ፦ ተማሪዎቻችሁን «ፋሲል ግቢን ለእንግዳ በ60 ደቂቃ እንዴት እናስጎብኝ?» ብላችሁ በቡድን ስታወያዩ፣ ከየቡድኑ አንድ ተማሪ ሳይናገር ይታዘብ። የአባላቱን ስም ወረቀት ላይ ዙሪያውን ይጻፍ፤ አንዱ ሌላውን ባናገረ ቁጥር ከስም ወደ ስም ቀስት ይሳል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ካቋረጠው፣ በተናጋሪው ቀስት ላይ ጭረት ያድርግበት። 15 ደቂቃ ይበቃል።

አንድ ለአምስት አደረጃጀት (አንድ ጎበዝ ተማሪ ሌሎችን የሚመራበት ቡድን) ላይ ቀስቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቡድን መሪው ይከማቻል፤ ጎበዙ እሱ ስለሆነ ሌሎቹ መልሱን ከእሱ ይጠብቃሉ። ስለዚህ መሪው መጨረሻ ላይ ይናገር።

ከዚያ ስለ ቡድኑ ለምትወያዩበት 10 ደቂቃ ተዉ፤ እባካችሁ ይህን አትዝለሉት። «ማን ዝም አለ?» አትበሉ፣ ልጁ ይሸማቀቃል። «የትኛው ሐሳብ ሳንነጋገርበት አለፈ?» በሉ። ታዛቢውም ያየውን ብቻ ይንገር፦ «3 ጊዜ ተቋረጠች» ይበል እንጂ «ይንቋታል» አይበል።