የአኒሜ ዕቃ ሲያስመጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የቀረጥ ስህተቶች

አሜሪካ ሆናችሁ ከጃፓን ፊገር (የገጸ ባሕርይ ቅርጽ)፣ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ)፣ ጋንፕላ (የሚገጣጠም የጋንዳም ሮቦት ሞዴል) የምታስመጡ ሁሉ፣ የድሮው ሒሳብ እንዳበቃ ታውቃላችሁ። ከ2016 ጀምሮ (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ዋጋው ከ800 ዶላር ያልበለጠ ጥቅል ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ይህ ዕድል ለቻይናና ለሆንግ ኮንግ ምርቶች ሜይ 2፣ 2025 ተዘጋ፤ ለተቀረው ዓለም ደግሞ በዚያው ዓመት ኦገስት 29። አሁን የ20 ዶላር የቁልፍ መያዣም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ቀረጡን ማስቀረት አንችልም። በአሰላል ስህተት የሚባክነውን ብር ግን ማዳን እንችላለን፣ መጠኑም ትንሽ አይደለም።

«ከጃፓን ነው የገዛሁት፣ የቻይና ቀረጥ ምን አገባኝ?»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። ጉምሩክ የቀረጡን ልክ የሚወስነው ዕቃው የት እንደተሠራ አይቶ ነው፤ ከየት አገር እንደተላከ አይደለም። ጉድ ስማይል ካምፓኒ የጃፓን ድርጅት ነው፣ ብዙዎቹ ፊገሮቹ ግን ቻይና ውስጥ ይመረታሉ። ሌሎቹም የታወቁ ድርጅቶች እንደዚያው ናቸው። ቤታችሁ ካሉት ሳጥኖች አንዱን አንሱና ገልብጡት። ደቃቅ ፊደል ፈልጉ፤ «ሜድ ኢን ቻይና» የሚል ካገኛችሁ፣ ሱቁ ቶኪዮ መሃል ቢሆንም ቀረጡ የቻይና ነው። ያገለገለ ዕቃም ያው ነው። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጠው የጃፓን ሱቅ ከማንዳራኬ በግማሽ ዋጋ ስለተገዛ ዜግነቱን አይቀይርም፣ የሚቀንሰው ቀረጡ የሚታሰብበት ዋጋ ብቻ ነው።

በተቃራኒው ባንዳይ የጋንዳም ሞዴሎቹን በአብዛኛው የሚያመርተው እዚያው ጃፓን፣ ሺዙኦካ ባለው ፋብሪካው ነው። ልዩነቱ ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ለማየት ኤፕሪል 2025ን ማስታወስ ይበቃል፦ በጃፓን ምርት ላይ የተጨመረው ቀረጥ 10 በመቶ ነበር፣ በቻይና ምርት ላይ ግን 145 በመቶ ደረሰ። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት የሱቁ ገጽ የተሠራበትን አገር ካልጻፈ ጠይቁ። አንድ አጭር ኢሜይል ነው።

በነገራችን ላይ ራሳችሁ ጃፓን ሄዳችሁ በሻንጣ ይዛችሁ ከተመለሳችሁ ነገሩ ሌላ ነው። ለተመላሽ ነዋሪ የሚፈቀደው የ800 ዶላር የተጓዥ መብት ከጥቅሉ ሕግ ጋር አብሮ አልተሰረዘም።

ባዘዙበት ቀን ያለውን ቀረጥ መቁጠር

ፕሪኦርደር (ዕቃው ሳይወጣ ቀድሞ ማዘዝ) የለመደ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚመታው። ፊገር ዛሬ ታዝዞ የሚወጣው ከወራት በኋላ ነው፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል፣ መዘግየትም አለ። ቀረጡ የሚታሰበው ግን ዕቃው አሜሪካ በሚገባበት ጊዜ ባለው ልክ ነው።

በ2025 የሆነውን ተመልከቱ። በቻይና ዕቃ ላይ የተጨመረው ቀረጥ ፌብሩዋሪ ላይ 10 በመቶ ነበር፣ ማርች ላይ 20፣ ኤፕሪል ላይ 145፣ ከሜይ 14 ጀምሮ 30፣ ኖቬምበር ላይ ተመልሶ 20። አንድ ሰው ጃንዋሪ ላይ «ቀረጥ የለውም» ብሎ በ100 ዶላር ያዘዘው ቻይና የተሠራ ፊገር በሜይ የመጀመሪያ ሳምንት በፈጣን መልእክት ቢደርስ፣ ቀረጡ ብቻ 145 ዶላር ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢደርስ ኖሮ 30 ይሆን ነበር። ያው ፊገር፣ ያው ሱቅ!

እኔ የምመክረው ይሄን ነው፦ ፕሪኦርደር ስታደርጉ ለቀረጥ የሚሆን ገንዘብ ለብቻ አስቀምጡ፣ በአንድ ወር የሚወጡ ብዙ ዕቃዎችንም አትደራርቡ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያቆይ ሱቅ ወይም ወኪል ገዢ ካላችሁ ደግሞ የመላኪያውን ቀን መምረጥ መቻል ትልቅ ነገር ነው።

በአሮጌ ምክር ጥቅሉን መከፋፈል

«ከ800 እንዳይበልጥ ለሁለት አስልከው» የሚለው ምክር ዛሬም ይዞራል። ድሮ ልክ ነበር። አሁን ግን ሁለቱም ጥቅል ይቀረጣል፣ በዚያ ላይ ዲኤችኤልም ፌዴክስም ቀረጡን በእናንተ ስም ቀድመው ሲከፍሉ የራሳቸውን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ፣ እሱም በየጥቅሉ ነው። የ15 ዶላር ባጅ ለብቻው ካስላካችሁ ክፍያው ከባጁ ሊበልጥ ይችላል። አጠራቅማችሁ በአንድ አስልኩ። ብቻ ዋጋው ከ2,500 ዶላር እንዳያልፍ፣ ከዚያ በላይ መደበኛውና ወረቀት የሚበዛበት የጉምሩክ ሥርዓት ይጀምራል።

የአገር ውስጥ ሱቅን ሳያዩ ማለፍ

«ከጃፓን ሁሌም ይረክሳል» የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። የየኑ (የጃፓን ገንዘብ) መውደቅም አግዞታል። አሁን ግን ማስላት ያስፈልጋል። አሜሪካ ያለ አስመጪ ቀረጥ የሚከፍለው በጅምላ ዋጋ ላይ ነው፣ እናንተ ደግሞ በችርቻሮ ዋጋ ላይ። ለምሳሌ ቀረጡ 20 በመቶ ቢሆን፣ ሱቁ በ50 ዶላር ባስመጣው ፊገር ላይ 10 ዶላር ይከፍላል። ያንኑ ፊገር እናንተ ከጃፓን በ80 ብትገዙት 16 ዶላር ነው፣ መላኪያውና የአገልግሎት ክፍያው ሳይቆጠር። ሁለቱንም እቤት እስኪደርስ ባለው ዋጋ አወዳድሩ።

አሜሪካ ቀረጥ የሚታሰበው በዕቃው ዋጋ ላይ ነው፣ የዓለም አቀፍ መላኪያው አይጨመርበትም። ጀርመን ወይም ስዊድን ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ እዚያ መላኪያውም ይደመራል፣ ቫቱም ከ2021 ጀምሮ ከመጀመሪያዋ ዩሮ ይቆጠራል።

«ስጦታ ነው ብለህ ጻፍልኝ»

አታድርጉት። ከ100 ዶላር በታች የሆነ እውነተኛ ስጦታ፣ ማለት ሰው ለሰው የሚልከው፣ ነፃ ነው። ከሱቅ የተገዛ ዕቃ ስጦታ አይደለም። ዋጋ አሳንሶ ማስጻፍም ሕገወጥ ነው። ደግሞም የ300 ዶላር ፊገር 40 ተብሎ ተጽፎ መንገድ ላይ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ፣ ካሳ የምትጠይቁት በየትኛው ዋጋ ነው?

ሁሉንም ዕቃ አንድ ላይ መፈረጅ

ቀረጥ ፈርታችሁ ማንጋ መግዛት ያቆማችሁ ካላችሁ፣ በከንቱ ነው። በ2025 በየአገሩ ላይ ከተጣሉት ከእነዚያ ተጨማሪ ቀረጦች መጻሕፍት ነፃ ነበሩ፣ መደበኛ ቀረጥም የለባቸውም። የሥዕል መድበልም እንደ መጽሐፍ ነው የሚገባው። ማንጋና ፊገር በአንድ ጥቅል ከመጡ ግን ዝርዝሩ ላይ ለየብቻ ዋጋቸው ተጽፎ መምጣት አለበት። «የአኒሜ ዕቃዎች፣ 250 ዶላር» ተብሎ ከመጣ ማን ይለይላችኋል?

አዲስ አበባ ያለውን ሰው መርሳት

የአክስት ልጅ «በሚመጣ ሰው ላኩልኝ» ሲል የሚነግራችሁ የጃፓኑን ሱቅ ዋጋ ነው። ዕቃው መጀመሪያ እናንተ ጋ ከገባ የአሜሪካው ቀረጥ ተከፍሎበታል። ይሄን ሳትገዙ በፊት ንገሩት፣ በኋላ በዘመድ መሃል ቅሬታ እንዳይሆን።

የመጣውን የክፍያ ጥያቄ ሁሉ መክፈል

አንዳንድ ሱቆች ቀረጡን ስትገዙ ነው የሚሰበስቡት። ሌሎቹ በር ላይ ያስከፍላሉ። የትኛው እንደሆነ ደረሰኙ ላይ አረጋግጡ፣ አለበለዚያ ሁለቴ ትከፍላላችሁ። «ጥቅልዎ ጉምሩክ ተይዟል፣ እዚህ ይክፈሉ» የሚል የስልክ መልእክት ከመጣ ደግሞ ሊንኩን አትንኩ፣ እንዲህ ያለ ማጭበርበር በዝቷል። የጥቅሉን መከታተያ ቁጥር ይዛችሁ ራሳችሁ የአድራሹ ድርጅት ገጽ ላይ አስገቡና እዩ።