የደበዘዘ የጀልባ ገጽን በሚሽከረከር ፖሊሽ ማሽን ማደስ

የፋይበርግላስ ጀልባ ለፀሐይ ተጋልጦ ሲቆይ ጄልኮት የሚባለው የላይኛው አንጸባራቂ ሽፋን ይደበዝዛል፤ ሲዳስሱትም ጠመኔ የመሰለ ዱቄት እጅ ላይ ይቀራል። ይህን ንብርብር ለማንሣት ማሽን ከእጅ ሥራ እጅግ ይሻላል።

በመጀመሪያ ጀልባውን ጥላ ሥር አቁሞ በሳሙና ማጠብ፣ የቀድሞውን ሰም በማሟሟያ ማስለቀቅ፣ ከደረቀም በኋላ የጎማ ክፍሎችንና ጽሑፎችን በወረቀት ፕላስተር መሸፈን ያስፈልጋል።

ማሽኑ ላይ የሱፍ ፓድ (የሚሽከረከር ክብ ማሻሻ) ተገጥሞ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር በሚሆን ቦታ ላይ ጥቂት ኮምፓውንድ (የደበዘዘውን ንብርብር የሚፍቅ ቅባት) ይቀባል። ማሽኑ በዝቅተኛ ፍጥነት ኮምፓውንዱን ካዳረሰ በኋላ በደቂቃ ከ1000 እስከ 1500 ዙር ወዳለው ፍጥነት ከፍ ይደረጋል። ትልቁ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው፦ ማሽኑ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ሙቀቱ ጄልኮቱን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ፓዱን ጠፍጣፋ አድርጎ ይዞ፣ ብዙ ሳይጫኑ፣ መስመሮቹን በግማሽ እያደራረቡ ያለማቋረጥ ማንቀሳቀስ ግድ ይላል። ሽፋኑ በሚሳሳባቸው ጠርዞች ላይ ፍጥነቱን መቀነስና ፓዱ ከጠርዙ ወደ ውጭ እንዲዞር ማድረግ ይገባል፤ ወደ ውስጥ ከዞረ ጠርዙን ይነክሳል። ፓዱ በኮምፓውንድ ሲጠግብ መፋቁን ትቶ ማሞቅ ብቻ ስለሚጀምር ቶሎ ቶሎ ይጽዳ። የዓይን መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱንም በትከሻ ላይ አሳልፎ መያዝ አይዘንጋ።

ብዙዎች በውሃ እየተረጠበ ወደሚሠራው ብርጭቆ ወረቀት ይቸኩላሉ፤ እኔ ግን ኮምፓውንዱ ተደጋግሞም ለውጥ ካላመጣ በቀር አልመክረውም። በመጨረሻም በስፖንጅ ፓድ ስስ ፖሊሽ ተደርጎ የማሽኑ ዱካ ይጠፋል፤ ሰሙም ሳይውል ሳያድር ይቀባል፣ ያልተሸፈነ ጄልኮት እንደገና ለመደብዘዝ ጊዜ አይፈጅበትምና።