የውጭ ዜጋ እንግዳዎ ቢታመም፦ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወስዶ ማሳከም

አዲስ አበባ መሃል የሚኖር፣ እንግሊዝኛ የሚችል የውጭ ሀገር ሰው ሲታመም ከሐኪሙ ጋር መግባባት አያቅተውም። ሐኪሞቻችን የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የሕመምተኛውን ካርድም የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው። የሚቸግረው መስኮት ላይ ነው፦ ካርድ ክፍል፣ ገንዘብ ክፍል፣ ላቦራቶሪ። አማርኛ የሚችል ሰው አብሮት መሄድ ያለበት ለዚህ ነው።

ደረቱን አጥብቆ የወጋው፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ራሱን የሳተ ወይም ብዙ ደም የሚፈሰው ሰው በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግባ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ደግሞ 939። ያሉበትን ቦታ ሲናገሩ የመንገድ ስም ትተው ሁሉም የሚያውቀውን ምልክት ይጥቀሱ። ለከባድ ቃጠሎ ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል፣ ለመኪና አደጋ አቤት ሆስፒታል፣ ለዓይን ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የታወቁ ናቸው።

ድንገተኛ ካልሆነ እንደ ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱ ባሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች አሠራሩ ከጤና ጣቢያ በሪፈር መምጣት ነው። ለትኩሳትና ለሆድ ሕመም የግል ጠቅላላ ሆስፒታል ይሻላል እላለሁ። ለውጭ ዜጋ የተለየ ዋጋ የሚያስከፍሉ ስላሉ አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ።

የፓስፖርት ኮፒ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ካርድና የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ይያዝ። መድኃኒቶቹ በንግድ ስም ሳይሆን በሳይንሳዊ ስማቸው ይጻፉ፤ የሀገሩን የንግድ ስም እዚህ የሚያውቀው ላይኖር ይችላል። ክፍያው በብር ወይም በቴሌብር ነው። የውጭ ባንክ ካርድ ይሠራል ብሎ መተማመን አይገባም፤ በተለይ አልጋ ከያዘ ማስያዣ ስለሚጠየቅ።

ትልቁ ጣጣ ካርድ ክፍል ነው። እዚያ የሚጠየቀው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ፓስፖርቱ ላይ ዴቪድ ጄምስ ሚለር የሆነ ሰው «የአባትህ ስም?» ሲባል የወላጅ አባቱን ስም ሮበርት ብሎ በቅንነት ይመልሳል። ካርዱም፣ የላቦራቶሪ ውጤቱም፣ ደረሰኙም ዴቪድ ሮበርት ሆኖ ይወጣል። ሀገሩ ያለው ኢንሹራንስ ይህን ደረሰኝ «የሌላ ሰው ነው» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ በቃል አያስመዝግቡ። የፓስፖርቱን ኮፒ በመስኮቱ ያቀብሉና ሦስቱ ቦታዎች በፓስፖርቱ ቅደም ተከተል እንዲሞሉ፣ የቤተሰብ ስሙ መጨረሻ እንዲሆን፣ በላቲን ፊደልም እንዲጻፍ ይጠይቁ። በአማርኛ ብቻ ከሆነ አንዱ ጄምስ፣ ሌላው ጀምስ ይጽፈውና ውጤት ሲፈለግ ይጠፋል።

ዕድሜም እንዲሁ ያሳስታል። የትውልድ ዓመት ከመናገር ዕድሜውን በቁጥር መናገር ይሻላል። በፈረንጆች 2017 የተወለደ ልጅ ዓመተ ምሕረቱ ሳይቀየር ከተመዘገበ፣ በ2018 ዓ.ም. የስምንት ዓመቱ ልጅ የአንድ ዓመት ሕፃን ይሆናል። አንዳንድ የላቦራቶሪ ውጤት ጤነኛ ነው አይደለም የሚባለው በዕድሜ ስለሆነ ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። ሁሉንም ከመክፈልዎ በፊት ያረጋግጡ፤ ደረሰኝ ከተቆረጠ በኋላ ማስተካከል እጅግ ያንከራትታል።

ትሪያጅ ላይ፣ ማለትም የሕመሙ አጣዳፊነት በሚለይበት ክፍል፣ ግፊት፣ ሙቀትና የልብ ምት ይለካል። ሐኪሙ ዘንድ ሲገባ እንግዳው ራሱ ይናገር። እኛ በታማሚው ፋንታ መልስ መስጠት፣ ከባድ ዜናም ከሆነ መጀመሪያ አስታማሚው መስማቱን ለምደናል፤ እሱ ግን በቀጥታ ለራሱ እንዲነገረው ይጠብቃል። እንዲወጡለት ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቁትና ከፈለገ ውጭ ይጠብቁት።

ትኩሳት ካለው ከአዲስ አበባ ውጭ የት እንደነበረ ሳይጠየቅም ይናገር። አርባ ምንጭ ወይም ጋምቤላ ደርሶ ከሆነ፣ ከወራት በፊትም ቢሆን፣ የወባ ምርመራ ያስፈልገዋል። የታይፎይድ ጉዳይ ደግሞ ጥንቃቄ ይሻል። ዊዳል የሚባለው ምርመራ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ አያስተማምንም፤ ሌላ ኢንፌክሽን ያለበት ወይም ከዚህ በፊት ታይፎይድ ይዞት የነበረ ሰው ላይም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። የደም ካልቸር (ደሙ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ይሠራለት እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ደሙ የሚወሰደው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ቢሆን ይመረጣል። የስኳር ውጤቱን አይቶ ከደነገጠም ምክንያቱ መለኪያው ሊሆን ይችላል፦ እኛ ጋ 126 የሚባለው እንግሊዝ ሀገር 7 ነው። ለ18 ማካፈል ነው።

መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ከሌለ የከነማ ወይም የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት ይሞክሩ።

የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ጽሑፉ ቶሎ ስለሚደበዝዝ በዚያው ቀን ኮፒ ይደረግ ወይም በስልክ ፎቶ ይነሣ። ኢንሹራንስ የሚፈልገው የሕክምና ሪፖርት በሐኪሙ ፊርማና በሆስፒታሉ ማህተም ነው፤ ግቢውን ሳይለቁ ይጠይቁ። ደረሰኙ ላይ ያለው ቀን በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ሪፖርቱ ላይ የፈረንጆቹም እንዲጻፍ ያድርጉ።

ቀጠሮ ወረቀቱን እርስዎ ቀይረው ይጻፉለት። «ጥር 5፣ 3 ሰዓት» የሚለውን ጥር ማለት ጃንዋሪ ነው ብሎ ያነበበ ሰው ከስምንት ቀን በፊት፣ ያውም ከሰዓት በኋላ ይመጣል። በ2018 ዓ.ም. ትክክለኛው ጃንዋሪ 13፣ በእነሱ አቆጣጠር ጠዋት 9 ሰዓት ነው።