የድሮ ከተማን በጉዞ ላይ እንዴት መንደፍ ይቻላል? ጅሬን ላይ ተለማመዱ

እዚህ ጅማ ሥዕል የሚሞክሩ ጓደኞቼን ምን መንደፍ ያምራችኋል ስላቸው ምጽዋ ወይም ዛንዚባር ይሉኛል። የድሮ ወደብ፣ የኮራል ድንጋይ ቤት፣ ጀልባ። እኔም ያምረኛል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የባሕር ዳርቻ ከተማ ለነዳፊ ቀላል ነው። ባሕሩና ሰማዩ የሚገጥሙበት ቀጥ ያለ መስመር የዓይናችሁን ከፍታ በነጻ ይነግራችኋል። ጅማ ዙሪያው ተራራ ነው፤ የተራራው ጫፍ ደግሞ ይሸውዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ባለበት ኮረብታ፣ ጅሬን ላይ፣ እጃችሁን አፍታቱ።

ዕቃው ትንሽ ነው። ወፍራም ወረቀት ያለው ደብተር፣ 2ቢ እርሳስ፣ አንድ ብሩሽ፣ ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ሃይላንድ። ላጲስ አትያዙ፤ ላጲስ የያዘ ሰው ሲያጠፋ ይውላል።

ጠዋት ውጡ፣ የከሰዓት ዝናብ አይታመንም። ጅሬን ከመሃል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ባጃጅ ያደርሳችኋል። የቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ከመቀመጣችሁ በፊት ጥበቃውን ጠይቁ።

አሁን ዋናው ነገር፣ የዓይን መስመር። ሃይላንዱን ቀጥ አድርጋችሁ ፊት ለፊታችሁ ያዙት፣ ክንዳችሁን ዘርጉ። ዝቅ ስታደርጉት የውሃው ፊት ከላይ ይታያችኋል። ከፍ ስታደርጉት ከሥሩ ይታያችኋል። መሃል ላይ ግን የሆነ ቦታ አለ፣ የውሃው ፊት ጠፍቶ ቀጭን መስመር ብቻ የሚቀርበት። ከዚያ መስመር ጀርባ ያለው ሁሉ፣ ቅጠልም ይሁን ምሰሶ፣ በዓይናችሁ ልክ ነው። ወረቀቱ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ አስምሩት። ማዶ ያለው ተራራ ከናንተ ከፍ ካለ ከመስመሩ በላይ ይወጣል። ከታች ያለው ከተማ በሙሉ ከመስመሩ በታች ይቀራል፤ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ እንኳን መስመሩን አልፎ ከወጣ ቤቱ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

ከዚያ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዙሩ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው፤ ቤታቸው ፎቅና የእንጨት በረንዳ ያለው ስለሆነ ለዚህ ልምምድ የተሠራ ይመስላል። ጥግ ላይ ቁሙ። ከዓይናችሁ በላይ ያለው የፎቁ በረንዳ እየራቀ ሲሄድ ወደ መስመሩ ይወርዳል። ከዓይናችሁ በታች ያለው የግድግዳው እግር ደግሞ እየራቀ ሲሄድ ወደ መስመሩ ይወጣል። ሁለቱ እዚያው መስመር ላይ ይገናኛሉ። ይህ ከገባችሁ ሌላው ቀላል ነው። ማስመሪያ ግን አደራ፣ ያረጀ እንጨት በማስመሪያ ሲሰመር አዲስ ኮንዶሚኒየም ይመስላል።

ስልክ አንስቶ ከፎቶ መገልበጥ አቋራጭ የሚመስላቸው አሉ። አልመክርም። የስልክ ካሜራ ሰፋ አድርጎ ስለሚያይ ደጁን አግዝፎ ማዶ ያለውን ተራራ ያሳንሰዋል። ጥላው ከመዞሩ በፊት ለማስታወሻ ካነሳችሁ ይበቃል።

ቀለም? ጅማ ተቀምጦ ቀለም መግዛት ምን ይባላል! ቡና ሲፈላ ከየዙሩ ትንሽ አስቀሩ፣ ስኳር ያልነካው፤ ስኳር ካለበት ወረቀቱ ይጣበቃል፣ ጉንዳንም ይመጣል። በረካውን ለሩቅ ተራራ፣ ቶናውን ለከተማው ጣሪያና ዛፍ፣ አቦሉን ለበረንዳው ሥር ጥላ። ሩቅ ያለው ሳስቶ ቅርብ ያለው ስለሚጠቁር ርቀቱ በራሱ ይመጣል። አቦሉም ካልጠቆረላችሁ፣ ሲደርቅ ደግማችሁ ደርቡበት። የቡና ቀለም ፀሐይ ላይ ከሰነበተ እንደሚደበዝዝ ግን እወቁ፣ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሥራ የውሃ ቀለም ይሻላል።

ምጽዋ የደረሳችሁ ቀን ሃይላንዱን ለመጠጥ ተዉት፣ የባሕሩን መስመር አስቀድማችሁ አስምሩ። ጀልባ ላይ ከሆናችሁ መስመሩ የቤቶቹን ምድር ቤት ይቆርጣል። ሰገነት ላይ ከወጣችሁ ደግሞ ላይኛውን ፎቅ። ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር አዲስ ገጽ ክፈቱ፤ ግማሹን ከጀልባ፣ ግማሹን ከሰገነት የተነደፈ ከተማ አይገጥምም።